የዓርብ ሌሊቱን ዲዩቲ ተዪው

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ደብረ ብርሃን ያለሁ ነርስ ነኝ። በደረጃ 4 ተመርቄ፣ ሲኦሲውን፣ የሙያ ብቃት ምዘናውን፣ በሁለተኛው ሙከራ አልፌ፣ አንድ የግል ክሊኒክ ተቀጠርኩ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ቀን ቀን ክሊኒኩ ነኝ። በሳምንት ሁለት ሌሊት፣ አንዳንዴም ሦስት፣ ሌላ የግል ጤና ተቋም የሌሊት ተረኛ ሆኜ ዲዩቲ እገባለሁ። ቅዳሜና እሁድ ዲግሪዬን እማራለሁ። የመጨረሻ ዓመት ላይ ነኝ። የመውጫ ፈተናው ሰኔ ላይ ይጠብቀኛል፣ ከዚያ ደግሞ የሙያ ፈቃዱ ፈተና አለ። ዲዩቲ የምገባው ለኮሌጁ ክፍያና ጣርማበር ላለችው እናቴ ለምልከው ብር ነው። ቅዳሜ ጠዋት ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ይጥለኛል። በቀደም ሌሊት ደግሞ ለአንድ ታካሚ መድኃኒት ልሰጥ ስል ካርዱን ሁለት ጊዜ አንብቤ ምንም አልገባኝም። ደነገጥኩ። አብራኝ የምትሠራውን ጠርቼ አስነበብኳት። አብራኝ የምትኖረው ልጅ «በአንድ እጅ ሁለት ሐብሐብ አይያዝም፣ ትምህርቱን አንድ ዓመት አቋርጪው» ትለኛለች። አንድ የክፍሌ ልጅ ደግሞ ቴሌግራም ላይ ፈተናውን የሚሸጥ ሰው አግኝቻለሁ፣ እናዋጣ ይላል። የቱን ልተው? ለእናቴ የምልከውን ብቀንስስ ነውር ይሆንብኛል?
የደብረ ብርሃኗ፣ ከጥምቀት ማግስት

ውድ እህቴ፣

መልሴን አላስጠብቅሽም። ትምህርቱን አታቋርጪ። የቀን ሥራሽንም አትልቀቂ። የሚቀነሰው የሌሊቱ ዲዩቲ ነው። መጀመሪያ የሚቀረው ደግሞ የዓርቡ ነው።

ከደብዳቤሽ ውስጥ ልቤን የያዘው ስለ ፈተናው የጻፍሽው አይደለም። ካርዱ ነው። ሁለት ጊዜ አንብበሽ አልገባሽም። ቆምሽ፣ ሰው ጠራሽ፣ አስነበብሽ። እንኳን አደረግሽው! ብዙ ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ። አልገባኝም ብሎ የሚቆም ነርስ ታካሚው በሰላም ያድራል። ግን ያን ቀን ያዳነሽ ሌላ ሰው አጠገብሽ መኖሩ ነው። ብቻሽን የምትሆኚበት ሌሊትም ይመጣል።

እስቲ ሰዓቱን አብረን እንቁጠር። ጠዋት 12 ሰዓት ተነሳሽ እንበል። ቀኑን ክሊኒክ ዋልሽ። ማታ ዲዩቲ ገባሽ። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ሲሆን 17 ሰዓት ሙሉ ሳትተኚ ቆይተሻል። ይህን ያህል የነቃ ሰው ንቃቱና ቅልጥፍናው፣ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚቀራረብ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1997 የወጣ ጥናት አሳይቷል። በ5 ሰዓት ደግሞ ዲዩቲሽ ገና ግማሽም አልደረሰ። የአንቲባዮቲክ ሰዓት ይመጣል፣ ግሉኮስ ያልቃል፣ ሕፃን ያለቅሳል። አንቺ ሰነፍ ስለሆንሽ አይደለም ካርዱ ያልገባሽ። የማንም ጭንቅላት በዚያ ሰዓት እንደዚያ ነው የሚሆነው።

ለትምህርቱም ቢሆን ያው ነው። ያነበብሽው ነገር የሚረጋው ስትተኚ ነው። ዓርብ ሌሊት ሠርተሽ ቅዳሜ ጠዋት ክፍል ስትቀመጪ፣ ከፍለሽ የገባሽበትን ትምህርት እየተኛሽበት ነው። ስለዚህ የዓርቡ ዲዩቲ የሚያስገባልሽን ብር ስታስቢ፣ የሚያስወጣሽንም አብረሽ አስቢ።

ማቋረጡን ለምን እንደማልደግፍ ልንገርሽ። ድካምሽ የመጣው ከትምህርቱ አይደለም፣ ከሌሊቱ ነው። ትምህርቱን ብታቋርጪ ሌሊቱ ይቀራል። እንዲያውም ቅዳሜና እሁድ ባዶ ነው ተብሎ ሌላ ዲዩቲ ይጨመርበታል። ስትመለሺ ደግሞ የምትገቢበት ባች ላይኖር ይችላል። በግል ኮሌጅ ተማሪ ካነሰ ክፍሉ አይከፈትም፣ ኮርስ ይቀየራል፣ ክፍያ ይጨምራል። ብትታመሚ ወይም ሌላ ከባድ ነገር ቢመጣ የተለየ ነው። ያኔ በሬጅስትራር በኩል ቅጽ ሞልተሽ በሥርዓቱ ውጪ። ዝም ብሎ መጥፋት ግን ከማቋረጥም የባሰ ነው፤ ስትመለሺ ሰሚ አታገኚም።

እንግዲህ ዲዩቲውን እንዴት እንቀንሰው? አንድ ጊዜ ብድግ ብለሽ ሁሉንም አትተዪ፣ የኮሌጁ ክፍያ አለብሽ። ከአሁን ጀምሮ በሳምንት አንድ ሌሊት ብቻ ያዢ። ሰኞ ወይም ማክሰኞ ቢሆን ጥሩ ነው፣ እስከ ቅዳሜ ድካሙ ይወጣልሻልና። ግንቦት ሲገባ እሱንም አቁሚው። የወሩ የዲዩቲ ፕሮግራም ከመውጣቱ በፊት ለሚመድበው ሰው ንገሪ። ከወጣ በኋላ ከሆነ ሰው መለመን ነው የሚሆነው።

የቀን ሥራሽ ላይ ደግሞ ያልተጠቀምሽበት መብት ያለ ይመስለኛል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንድ ዓመት ለሞላው ሠራተኛ 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ይሰጣል፣ ከክፍያ ጋር። ከሰኞ እስከ ዓርብ ለሚሠራ ሰው ይህ ከሦስት ሳምንት በላይ ነው። ለሠርግና ለተዝካር በትንሽ በትንሹ አትጨርሺው። ሙሉውን ከፈተናው በፊት ላሉት ሳምንታት አስቀምጪው። ጥያቄውንም አሁን፣ በጽሑፍ አስገቢ። ቅጂውን ያዢ።

የክሊኒኩን ባለቤት ስታናግሪ ደክሞኛል ብለሽ አትጀምሪ። ደክሞኛል ሲባል አሠሪ የሚሰማው ልትለቅ ነው የሚለውን ነው። እንዲህ በይ፦ «ሰኔ ላይ ፈተና አለብኝ። ዲግሪዬን ስጨርስና የሙያ ፈቃዴን ስይዝ ለክሊኒኩም ይጠቅማል። የዓመት ፈቃዴን ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ ልውሰድ። እስከዚያ ድረስ በበዓል ቀን ሰው ሲቸግርዎ እኔ እገባለሁ።» የምትሰጪው ነገር ይዘሽ ሂጂ። የበዓል ቀን ሥራ በሕጉ የተለየ ክፍያ እንዳለውም አትርሺ።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ።

ሥራና ትምህርት የተሻሙብሽ ይመስልሻል። እኔ ግን የቀን ሥራሽ ከሁሉም የተሻለ መማሪያሽ ነው ብዬ አምናለሁ፣ እስካሁን እንደዚያ አልተጠቀምሽበትም እንጂ። የፈተናው ጥያቄ የሚመጣው ታካሚ ሆኖ ነው። ዕድሜው ይህን ያህል የሆነ፣ ይህን ይህን የሚል ታካሚ መጣ፣ ነርሷ መጀመሪያ ምን ታድርግ? ይኼ ሰው ደግሞ በየቀኑ ፊትሽ ይቀመጣል።

ክሊኒክሽ ያለው ብርድ አገር ነው። በዚህ በጥር ወርጭ ሳል የያዘው ሕፃን ሳይመጣ የሚውልበት ቀን አለ? በሚቀጥለው ሲመጣ አተነፋፈሱን ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሪ። በግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት የለም። ሕፃኑ የሚያለቅስ ከሆነ እስኪረጋጋ ጠብቂ። ከ2 ወር በታች ከሆነ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 እስከ 12 ወር 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ፈጣን ትንፋሽ ነው። ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጎዳል? መጥባት ወይም መጠጣት እምቢ ብሏል? አንቀጥቅጦታል? እነዚህን ቁጥሮች ከሞጁል ላይ ብትሸመድጃቸው በሳምንት ይጠፋሉ። በሦስት ሕፃን ላይ ከቆጠርሻቸው ግን ሰኔም ላይ አይጠፉም።

ሌላ ልጨምር። ደብረ ብርሃን ከፍታዋ ከ2,700 ሜትር በላይ ነው። ብርዱን አይቶ ወባ አይታሰብም የሚል መዘናጋት አለ። ግን መንገዱ ወደ ሸዋ ሮቢት ይወርዳል። ትኩሳትና ራስ ምታት ይዞት ለመጣ ጎልማሳ «ቆላ ወርደህ ነበር? የት አደርክ? መቼ ተመለስክ?» ብለሽ ጠይቂ። ይህች ጥያቄ ሰው ታድናለች። ውጤቱ ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት ሲሆን ለምን ፕሪማኩዊን የተባለው መድኃኒት እንደሚጨመር ማታ መጽሐፍሽን ክፈቺ፤ ጉበት ውስጥ ተደብቆ የሚቀረውን የወባ ተውሳክ ለማጥፋት ነው። ለነፍሰ ጡር ደግሞ አይሰጥም። እንዲህ ያለው ነገር ጥያቄ ሆኖ ለመምጣት የተመቸ ነው።

ነፍሰ ጡሯንም አስቢ። ከ20 ሳምንት በኋላ ደም ግፊቷ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ፣ ራሴን ያመኛል፣ ዓይኔ ይጭበረበራል ብላ ብትመጣ ክሊኒካችሁ ሪፈር ጽፎ ይልካታል። ላክናት ብለሽ አትርሻት። ሆስፒታል ስትደርስ ምን ይደረግላታል? እንዳያንቀጠቅጣት ማግኒዚየም ሰልፌት ይሰጣታል። ከመደገሙ በፊት ነርሷ ምን ታያለች? አተነፋፈሷን፣ የጉልበቷን ሪፍሌክስ፣ ሽንቷ በሰዓት 30 ሚሊ ሊትር መድረሱን። መድኃኒቱ ቢበዛባት ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት ነው። አንዲት ሴት ይህን ሁሉ አስተማረችሽ ማለት ነው።

እንዲህ አድርጊ። በጋዋንሽ ኪስ የምትገባ ትንሽ ደብተር ግዢ። በቀን አንድ ታካሚ ብቻ ምረጪ። ስም አትጻፊ፣ ካርድ ቁጥርም አትጻፊ፣ የታካሚ ሚስጥር ነው። ምን ብሎ መጣ፣ ምን አገኘሽ፣ ምን ተደረገለት፣ አንቺ ብቻሽን ብትሆኚ መጀመሪያ ምን ታደርጊ ነበር? አራትና አምስት መስመር በቂ ነው። በእንግሊዝኛ ጻፊው። ቀኑን ሙሉ በአማርኛ ስንሠራ ውለን ፈተናው በእንግሊዝኛ ሲመጣ የምናውቀውን ነገር ሳናውቀው እንቀራለን። ማታ መጽሐፍ ስትከፍቺ የዚያን ታካሚ ምዕራፍ ብቻ አንብቢ። ከአንድ ሰዓት ያነሰ ይበቃሻል። ከዚያ ተኚ።

ስሌቱንም እዚያው ሥራ ላይ ተለማመጂው። 1,000 ሚሊ ሊትር በ8 ሰዓት ይግባ ቢባል፣ የጠብታ መስመሩ በሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚሰጥ ከሆነ፣ 1,000ን በ20 አባዢ፣ ለ480 ደቂቃ አካፍዪ። 42 ጠብታ ገደማ በደቂቃ ይሆናል። 12 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ፓራሲታሞል በኪሎ 15 ሚሊ ግራም ቢታዘዝ 180 ሚሊ ግራም ነው። ሽሮፑ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም የያዘ ከሆነ 7.5 ሚሊ ሊትር ትሰጫለሽ። ከጠርሙሱ ላይ ያለውን ቁጥር ሳታነቢ ግን በጭራሽ አታስዪ፤ ሽሮፕ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ስልክሽን ሳትነኪ በወረቀት ሥሪው።

ክሊኒክ ውስጥ የማታገኚያቸውም አሉ። የአእምሮ ጤና፣ የነርሲንግ አስተዳደር፣ ጥናትና ምርምር፣ ስታቲስቲክስ። እነሱን ቁጭ ብሎ ማንበብ ነው፣ ሌላ ዘዴ የለውም። ቅዳሜና እሁድ ከትምህርት በኋላ ለእነሱ ስጪ። ከሁለት የክፍልሽ ልጆች ጋር ብትሆኚ ይሻላል። ከዚያ በላይ ከበዛችሁ ወሬ ይሆናል።

ጥያቄ ስትሠሪ «መጀመሪያ» የምትለዋን ቃል ፈልጊ። ብዙ ጊዜ መልሱ ታካሚውን መመርመር፣ ማየት፣ መለካት ነው። ግን ጥያቄው ራሱ ምርመራውን ጨርሶ ከነገረሽ፣ ለምሳሌ ከንፈሩ ጠቁሯል፣ ኦክስጅኑ ወርዷል ካለሽ፣ እንደገና ልመርምር አትበዪ። አየር መንገዱን፣ ትንፋሹን፣ የደም ዝውውሩን በቅደም ተከተል ይዘሽ ሥራ ጀምሪ።

ስለ ሁለቱ ፈተናዎች ባጭሩ። የመውጫ ፈተናው የትምህርት ሚኒስቴር ነው፣ ማለፊያው 50 በመቶ ነው፣ ያለ እሱ ዲግሪው አይሰጥሽም። የሙያ ፈቃዱ ፈተና የጤና ሚኒስቴር ነው፣ ታካሚ ላይ ጉዳት ሳታደርሺ መሥራት ትችያለሽ ወይ የሚለውን ይጠይቃል። ሁለት ዝግጅት አያስፈልግሽም። የመጀመሪያውን ስትጨርሺ መጽሐፉን አትዝጊው እንጂ፣ በቀን ጥቂት ጥያቄ እየሠራሽ ሁለተኛውን ጠብቂ። የመውጫ ፈተናው በኮምፒውተር ነው። ማውስ ካልለመድሽ ከአሁኑ ኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ገብተሽ ልመጂ። ጥያቄው ሳይከብዳት ኮምፒውተሩ ያስደነገጣት ተፈታኝ ትኖራለች፣ አንቺ አትሁኚ።

ወረቀትሽንም ዛሬ ነገ ሳትዪ አስተካክዪ። የደረጃ 4 ዲፕሎማሽ፣ የሲኦሲ ማረጋገጫሽ፣ ትራንስክሪፕትሽ፣ የፋይዳ መታወቂያሽ ላይ ስምሽ፣ የአባትሽና የአያትሽ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ዓይነት መጻፉን አረጋግጪ። አንዱ ላይ አንድ ፊደል ብትለይ ምዝገባ ላይ ያንከራትትሻል። ኮሌጅሽ የነርሲንግ ፕሮግራሙ በትምህርትና ስልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና የተሰጠው መሆኑንም ጠይቂ። አሁን በደረጃ 4 የያዝሽው የሙያ ፈቃድ የሚያልቅበትን ቀንም እዪ።

ሲኦሲውን በሁለተኛው ማለፍሽን ያነሳሽው አፍረሽበት ይመስለኛል። አትፈሪ። ግን አንድ ነገር መልሺልኝ፦ ያኔ የጣለሽ የጽሑፉ ነበር ወይስ የተግባሩ? የጽሑፉ ከሆነ ጥያቄ የመሥራት ልምድ ጎድሎሻል። የተግባሩ ከሆነ ቅደም ተከተል ነው ያመለጠሽ። መልሱ አንቺ ጋ ነው ያለው፣ ዝግጅትሽን ከዚያ ጀምሪ።

ለክፍልሽ ልጅ ደግሞ እምቢ በዪው። አትለሳለሺ። ቴሌግራም ላይ ፈተና እሸጣለሁ የሚለው ሰው ብሩን ተቀብሎ የሚጠፋ ሌባ ሊሆን ይችላል። እውነት ይዞት ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው፣ ውጤት ይሰረዛል፣ ስም ይጠፋል። ከዚህ ሁሉ በላይ፣ ለዚያች ራሷን ለሚያማት ነፍሰ ጡር የተገዛ መልስ አይሠራላትም። የዱሮ ጥያቄዎችን ሰብስቦ መሥራት ሌላ ነገር ነው፣ እሱን አብራችሁ ሥሩ።

የቀረችው የእናትሽ ነገር ናት። ነውር አይደለም። ነውር የሚሆነው ሳትነግሪያቸው ብሩ ሲቀንስና እሳቸው ልጄ ምን ሆነች ብለው ሲጨነቁ ነው። ወቅቱም ያግዝሻል። አሁን ጥር ነው፣ አዝመራው ገብቷል፣ ገብሱም ባቄላውም ጎተራ አለ። ቤት የሚጠብበት ክረምት ነው፤ ያኔ አንቺ የመውጫ ፈተናውን ጨርሰሻል፣ ቅዳሜና እሁድሽም ተለቋል። ስለዚህ ደውዪላቸው፣ እንዲህ በያቸው፦ «እማዬ፣ እስከ ሰኔ የምልከው ይቀንሳል። ፈተና ስላለብኝ የሌሊት ሥራ ቀንሻለሁ። ሐምሌና ነሐሴን ግን እኔ እይዛለሁ፣ አታስቢ።» ስንት እንደሚሆን ቁርጡን ንገሪያቸው፣ ስኳርና ዘይቱን በዚያ ልክ ያስባሉ። ሐምሌ ሲገባ በሳምንት አንድ ሌሊት ዲዩቲ መመለስ ትችያለሽ። ለሙያ ፈቃዱ ፈተና የምታነቢበትን ሰዓት እንዳይነካ ብቻ፣ አሁንም ሰኞ ወይም ማክሰኞ ይሁን።